የቬስታ ቤተ መቅደስ በሮም፦ ምስል ያልቆመበት መቅደስና እሳቱን የጠበቁ ሴቶች

ዜና_መዋዕል፦

ሰላም ለዚህ መድረክ ታዳሚዎች። ስለ ጥንቷ ሮም እዚህ ብዙ ጽፈናል፤ አብዛኛው ግን የጦርነትና የቄሳሮች ወሬ ነው። ዛሬ ስለ አንድ ትንሽ ቤተ መቅደስ ልጻፍ፤ ርዝመቱን ታገሡኝ። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት የሆኑትን "ዓ.ዓ." እላለሁ።)

በሮም ፎረም (በጥንቷ ከተማ ዋና አደባባይ) ውስጥ፣ ሬጂያ ከሚባለው የጥንቱ የንጉሥ ቤት አጠገብ፣ በሩ ወደ ምሥራቅ የዞረ ክብ ሕንጻ ነበር። የቬስታ ቤተ መቅደስ ይህ ነው። ቬስታ የምድጃ አምላካቸው ናት። ለዋናው አምላካቸው ለጁፒተር በካፒቶል ኮረብታ ላይ ግዙፍ መቅደስና ግዙፍ ምስል አቁመውለታል፤ ለቬስታ ግን በመቅደሷ ውስጥ ምስል አላቆሙም። ባለቅኔው ኦቪድ እንኳ ለብዙ ጊዜ ምስል ያለ መስሎት እንደነበር፣ በኋላ ግን እሳቱ ብቻ እንዳለ መረዳቱን ጽፏል። እሳቱ ራሱ ቬስታ ነው።

ይህ እሳት ሌት ተቀን መንደድ ነበረበት። ጠፋ ማለት ለሮም ክፉ ምልክት ነው። በዓመት አንድ ቀን፣ ማርች 1፣ በድሮው አቆጣጠራቸው ዓመቱ በሚገባበት ዕለት፣ በሥርዓት ይታደሳል። በቸልተኝነት ከጠፋ ግን እሳቱን ከሚጠብቁት ደናግል ተረኛዋ በሊቀ ካህናቱ፣ በፖንቲፌክስ ማክሲመስ እጅ ትገረፋለች። ከዚያ በኋላ አዲስ እሳት ከጎረቤት መጫር የለም። ከመልካም ዛፍ የተቆረጠ እንጨት እስኪቀጣጠል ድረስ ይታሻል፤ የተገኘውን እሳት አንዲት ደንግል በነሐስ ወንፊት ይዛ ወደ መቅደሱ ታገባዋለች።

ገጠር ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ማታ ፍሙን በአመድ አዳፍኖ የሚያሳድር ቤት እሳት ምን ያህል እንደሚጠበቅ ያውቃል። ብዙ የታሪክ ሊቃውንትም የቬስታን ሥርዓት መነሻ እዚያው ላይ ያዩታል፦ መጀመሪያ የንጉሡ ቤት ምድጃ ነበር፣ ጠባቂዎቹም የቤቱ ሴቶች ነበሩ፣ በኋላ ግን ምድጃው የከተማዋ ሁሉ ሆነ ይላሉ። ሮማውያን ራሳቸው ሥርዓቱን የሠራው ሁለተኛው ንጉሥ ኑማ ፖምፒሊዩስ ነው ብለው ይተርኩ ነበር።

ጠባቂዎቹ 6 ሴቶች ናቸው። ከ6 እስከ 10 ዓመት ባለው ዕድሜያቸው ይመረጣሉ፤ እናትና አባታቸው በሕይወት ያሉ፣ በአካላቸውም በአንደበታቸውም እንከን የሌለባቸው መሆን አለባቸው። አገልግሎቱ 30 ዓመት ነው፦ 10 ዓመት ለመማር፣ 10 ዓመት ለመሥራት፣ 10 ዓመት ለማስተማር። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ድንግልናቸውን መጠበቅ ግዴታ ነው።

ሥራቸውን አንድ በአንድ ስታዩት እሳት ማንደድ፣ ውኃ መቅዳት፣ እህል መፍጨት፣ ቤት መጥረግ ነው። ውኃው በቧንቧ የመጣ አይሆንም፤ ከከተማዋ በር ውጭ ካለ ምንጭ ይቀዳል። ለመሥዋዕት የሚሆነውን ዕቃ መሬት ላይ ማስቀመጥ ስለማይፈቀድ ታችኛው ክፍሉ ሾጣጣ የሆነ፣ ተቀምጦ የማይቆም ማሰሮ ነበራቸው። የያዘችው ሴት እስክትጨርስ በእጇ ትይዘዋለች ማለት ነው።

እኔን ለዓመታት ይዞ ያቆየኝ ነገር ይህ ነው። በየጓዳው ማንም ሳያመሰግን የሚሠራውን የሴት ሥራ ያ ጦረኛ መንግሥት ወስዶ የህልውናው ዋስትና አደረገው። የጦር አለቃው አሸንፎ የሚመለሰው፣ ሕዝቡ እህል የሚያገኘው እነዚህ ስድስት ሴቶች ሥራቸውን በትክክል ስለሠሩ ነው ብለው ከልባቸው ያምኑ ነበር። የምታውቁትን ጨምሩበት፤ የማትስማሙበትም ካለ በሉ።


ጠያቂ_ነኝ፦

ወንድሜ፣ እጅህን ይባርከው። ከእሳቱ ሌላ በውስጡ ምን ነበር? የተደበቀ ቅዱስ ዕቃ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። ደግሞስ አሁን የሚታየው ሕንጻ የመጀመሪያው ነው?


ዜና_መዋዕል፦

ጠያቂ_ነኝ፣ በትክክል ሰምተሃል። ፔኑስ የሚባል፣ በመጋረጃ የተከለለ ውስጠኛ ጓዳ ነበር። ደናግሉና ሊቀ ካህናቱ ካልሆኑ በስተቀር ማንም አይገባበትም። እዚያ ይጠበቁ ከነበሩት ዋነኛው ፓላዲየም ነው፤ የትሮዩ ጀግና ኤኔያስ ከትሮይ ይዞት መጣ የሚባለው፣ ፓላስ አቴና የተባለችው አምላክ ትንሽ ምስል። (ምስል የለም ያልኩት የቬስታን ነው።) ሮም የማትወድቀው ይህ ዕቃ እስካለ ነው ይሉ ነበር።

ሕንጻው ብዙ ጊዜ ተቃጥሏል፤ እሳት የሚያድርበት ቤት ነውና አያስገርምም። በ241 ዓ.ዓ. ሲቃጠል ሊቀ ካህናቱ ሉሲዩስ ካይኪሊዩስ ሜቴሉስ ነበልባሉ ውስጥ ገብቶ ቅዱሳን ዕቃዎቹን አወጣ፤ ዓይኑንም አጣ ይባላል። በ64 በኔሮ ዘመን፣ ደግሞም በ191 በኮሞዱስ ዘመን ተቃጠለ። በ191 ደናግሉ ፓላዲየምን ይዘው በቅዱሱ መንገድ ወደ ቤተ መንግሥት ሲሮጡ ሕዝብ በዓይኑ አየው፤ ታሪክ ጸሐፊው ሄሮዲያን ከትሮይ ከመጣ ወዲህ ሰው ሲያየው ያኔ የመጀመሪያው ነው ይላል። መልሳ ያሠራችው የሴፕቲሚዩስ ሴቬሩስ ሚስት ጁሊያ ዶምና ናት፤ አሁን የሚታየው ፍርስራሽ የዚያ ሕንጻ ነው።

ከሁሉ የምወደው ታሪክ ግን የጋሎች ወረራ ጊዜ የሆነው ነው፤ በልማድ 390 ዓ.ዓ. ይባላል። ሠራዊቱ ተሸንፏል፣ ከተማዋ ልትያዝ ነው። ደናግሉ ሊሸከሙት የማይችሉትን ዕቃ በጋን አድርገው ቀበሩ፤ የቀረውን ተሸክመው በእግራቸው ወጡ። ሉሲዩስ አልቢኒዩስ የሚባል ተራ ሰው ሚስቱንና ልጆቹን በጋሪ ጭኖ ሲሸሽ መንገድ ላይ አገኛቸው። ቤተሰቡን አወረደና ደናግሉን ከነዕቃቸው ጭኖ ካይሬ ወደምትባለው ከተማ አደረሳቸው። ታሪክ ጸሐፊው ሊቪ ይህን ሲጽፍ ያ ሰው ከተራው ሕዝብ ወገን እንደነበረ ይናገራል።


ከሮም_ተርሚኒ፦

እዚሁ ሮም ስለምኖር ስለ ቦታው ልጨምር። ፎረሙ ውስጥ ስትገቡ የምታዩት ከፊል ግድግዳና ሦስት ረጃጅም ዓምዶች በ1930 አካባቢ በአልፎንሶ ባርቶሊ መሪነት እንደገና የቆሙ ናቸው። ከጥንቱ የተረፈውን ድንጋይ በመሐል እያስገቡ የጎደለውን በአዲስ ድንጋይ ሞሉት፤ ጠጋ ብላችሁ ካያችሁ አሮጌውና አዲሱ ይለያል። መግቢያው ከኮሎሲየምና ከፓላታይን ጋር በአንድ ቲኬት ነው።

እባካችሁ በቲበር ወንዝ ዳር ካለው ክብ ቤተ መቅደስ ጋር አታምታቱት። እሱን ብዙ ሰው፣ አስጎብኚም ጭምር፣ "የቬስታ" ይለዋል። ክብ ስለሆነ ነው እንጂ የሄርኩለስ ነው።

ከመቅደሱ ጀርባ የደናግሉ መኖሪያ አለ፦ አትሪየም ቬስታይ። በሮዶልፎ ላንቺያኒ መሪነት በ1883 ተቆፍሮ ወጣ። ረጅም ግቢ ነው፣ መካከሉ ላይ ኩሬዎች አሉት፣ ዳርና ዳሩ የታላላቆቹ ደናግል ሐውልቶች ተደርድረዋል። አብዛኞቹ ራስ የላቸውም። የቆሙበት ቦታም የጥንቱ አይደለም፤ ከተገኙ በኋላ የተደረደሩ ናቸው።

ለእኛ ደግሞ የሚነካን ነገር አለ። ዜና_መዋዕል "ከከተማዋ በር ውጭ ካለ ምንጭ" ያልከው የካሜናይ ምንጭ ነው፣ በሩም ፖርታ ካፔና ይባላል። የአክሱም ሐውልታችን ከ1937 ጀምሮ እስኪነቀል ድረስ የቆመው የት ነበር? ፖርታ ካፔና አደባባይ፣ የፋኦ (የተመድ የምግብና እርሻ ድርጅት) ሕንጻ ፊት ለፊት። ደናግሉ ለዘመናት ውኃ ሲቀዱበት በነበረው ሰፈር የእኛ ሐውልት ከስልሳ ዓመት በላይ ቆሟል። በ2005 አገሩ ገባ፣ በ2008 አክሱም ላይ ተተከለ። አሁን አደባባዩ ላይ ሳልፍ ሁለቱንም አብሬ አስባለሁ።


ወፍጮ_ቤት፦

የቤተሰቤ ሥራ ወፍጮ ስለሆነ ዓይኔ ያረፈው እህሉ ላይ ነው። ዜና_መዋዕል "እህል መፍጨት" ብለህ በአንድ ቃል አለፍከው፤ ሥርዓቱ ግን እዚያ ላይ ነው ያለው።

የሚፈጩት ሞላ ሳልሳ የሚባለውን ጨው የገባበት ዱቄት ነው። ለሮም መንግሥት የሚቀርብ መሥዋዕት ሁሉ፣ በሬም ይሁን በግ፣ ከመታረዱ በፊት ይህ ዱቄት ራሱ ላይ ይነሰነሳል። ያለሱ መሥዋዕት የለም። ዱቄቱን የማዘጋጀት ሥልጣን ደግሞ የደናግሉ ነው። በሮም አደባባይ ለአምላክ የሚቀርብ ነገር ሁሉ በእነሱ እጅ ያልፋል ማለት ነው፤ ይህን ነጥብ አሳንሰህ ያየኸው ይመስለኛል።

እህሉ ፋር ይባላል። እኛ አገር ባሌና ሸዋ አሁንም የሚዘራው፣ ለገንፎ የምንወደው አጃ የምንለው የስንዴ ዓይነት ነው። አጃን የፈጨ ሰው ያውቃል፤ ገለባው ከፍሬው ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር እንዲሁ አይፈጭም፣ መጀመሪያ መፈተግ አለበት። ሮማውያንም ይህ ችግር ስለነበረባቸው እሸቱን በእሳት ይቆሉታል፣ ከዚያ ይወቅጡታል፣ ከዚያ ይፈጩታል። ሦስቱ ታላላቅ ደናግል ከሜይ 7 እስከ 14 ባለው ጊዜ አንድ ቀን እየዘለሉ እሸቱን በቅርጫት ይሰበስባሉ፤ መቁላቱንም መውቀጡንም መፍጨቱንም ራሳቸው ይሠራሉ። ለሌላ ሰው አይሰጥም።

ጨዉም እንዲሁ። ያልተጣራ ጨው ይወቀጣል፣ በሸክላ ማሰሮ ይገባል፣ አፉ በጂፕሰም ይመረግና በምድጃ ይጋገራል። ሲወጣ እንደ ድንጋይ ስለሚጠነክር በብረት መጋዝ ይቆርጡታል። ከዱቄቱ ጋር የሚቀላቅሉት በዓመት ሦስት ጊዜ ነው፦ ፌብሩዋሪ 15 በሉፐርካሊያ በዓል፣ ጁን 9 በቬስታ በዓል በቬስታሊያ፣ ሴፕቴምበር 13።

ጁን 9 የጋጋሪዎችና የወፍጮ ሰዎች በዓልም ነበር። ዓመቱን ሙሉ ድንጋዩን ሲያዞሩ የሚውሉት አህዮች በዚያ ቀን ያርፋሉ። አንገታቸው ላይ የአበባ ጉንጉንና ዳቦ ይታሰርላቸዋል፣ ወፍጮውም በአበባ ይሸለማል። ስለ አህያ እንዲህ ያሰበ ሕዝብ በመኖሩ ደስ አለኝ።


ዜና_መዋዕል፦

ወፍጮ_ቤት፣ እጅግ አመሰግናለሁ፤ ከእኔ ጽሑፍ የበለጠ አስተማርከን። የቬስታሊያን መጨረሻ ልጨምርልህ። ከጁን 7 እስከ 15 ፔኑስ ይከፈታል፤ ባለትዳር ሴቶች ጫማቸውን አውልቀው በባዶ እግራቸው ይገባሉ። ከዓመት ዓመት ዝግ የሆነ ቦታ ለእናቶች የሚከፈተው በእነዚህ ቀናት ብቻ ነው። በ15ኛው ቀን ደናግሉ መቅደሱን ጠርገው ጥራጊውን ወደ ቲበር ወንዝ ይልካሉ። ጥራጊው እስኪወጣ ድረስ በከተማዋ ፍርድ አይታይም፤ ከወጣ በኋላ ሥራ ይፈቀዳል። ይህን ያልኩት ከራሴ አይደለም፤ በድንጋይ በተቀረጹት የዓመት መቁጠሪያዎቻቸው ላይ የዚያ ቀን ስያሜ "ጥራጊው ከወጣ ይፈቀዳል" የሚል ምህጻረ ቃል ነው። አንድ ትልቅ ከተማ የፍርድ ቤቱን በር ለመክፈት የሴቶች መጥረጊያ ሥራውን እስኪጨርስ ይጠብቅ ነበር።


የአራዳ_ልጅ፦

ሁላችሁንም አከብራለሁ፤ ግን ውይይቱ የተረት ያህል እያማረ ሄደ። አንድ ነገር ሳይነሣ ቀረ። እነዚህ ሴቶች ድንግልናቸውን አጡ ተብለው ከተከሰሱ ከነሕይወታቸው ይቀበሩ ነበር። ከነሕይወታቸው! "የሴትን ሥራ አከበሩ" የምንለው እንዲህ ያለውን ሥርዓት ነው? በ216 ዓ.ዓ. የካርታጎው የጦር መሪ ሃኒባል ካናይ ላይ ሠራዊታቸውን ሲደመስስ ሮም ምን አደረገች? ኦፒሚያና ፍሎሮኒያ የሚባሉ ሁለት ደናግልን ከሰሰች። አንዷ ተቀበረች፣ ሌላዋ ራሷን አጠፋች። ከፍሎሮኒያ ጋር ተገኘ የተባለውን ሉሲዩስ ካንቲሊዩስን ሊቀ ካህናቱ እስኪሞት ገረፈው። በጦር ሜዳ የተሸነፉት ጄኔራሎች ናቸው፤ የተቀበረችው ግን እህል ፈጪዋ ሴት ናት። እኔ ይህን ክብር ብዬ ልጠራው አልችልም።


እናት_ዓለም፦

የአራዳ ልጅ፣ ልክ ነህ ልጄ። እኔ ገና "ከ6 እስከ 10 ዓመት" የሚለውን ሳነብ ነው ሆዴ የባባው። በዚህ ዕድሜ ያለች ልጅ ገና እናቷ ጉያ ውስጥ ናት። እምቢ ማለት ይቻል ነበር? 30 ዓመት ከጨረሱ በኋላስ ምን ይሆናሉ? ከእኛ መነኮሳት ጋርስ ይመሳሰላሉ? የምታውቁ ንገሩኝ።


ዜና_መዋዕል፦

እማማ፣ ለጥያቄዎ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከመነኮሳት ጋር ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። መነኩሲት ወዳ፣ አስባ፣ ለአቅመ ሔዋን ደርሳ ነው ዓለምን የምትተወው። የቬስታ ደንግል ግን በልጅነቷ ትወሰዳለች። ሊቀ ካህናቱ እጇን ይዞ "አማታ፣ እወስድሻለሁ" ይላታል፤ የራሷ ስም ማንም ይሁን ማን በዚያ ሰዓት የምትጠራው አማታ ተብላ ነው። ጸጉሯ ይቆረጥና አንድ ያረጀ ዛፍ ላይ ይሰቀላል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ከአባቷ ሥልጣን ወጣች።

ወላጅ መስጠት የማይወድበት ዘመን እንደነበር በግልጽ ተጽፏል። አውግስጦስ ቄሳር መኳንንቱ ሴት ልጆቻቸውን ሲደብቁ አይቶ፣ ዕድሜዋ የሚፈቅድ የልጅ ልጅ ብትኖረኝ እኔው እሰጥ ነበር ብሎ ምሏል። በኋላ ነጻ የወጡ ባሪያዎች ልጆችም እንዲመረጡ ተፈቀደ። በ19 ደግሞ ተቃራኒው ሆነ፦ ኦኪያ የምትባል ታላቂቱ ደንግል 57 ዓመት አገልግላ ስትሞት ሁለት አባቶች ልጆቻቸውን በፈቃዳቸው አቀረቡ። የተመረጠችው የዶሚቲዩስ ፖሊዮ ልጅ ናት፤ ምክንያቱም የዚያኛው ቤት በፍቺ ፈርሶ ነበር፣ የእሷ እናት ግን በትዳሯ ጸንታለች። ላልተመረጠችው ጢባርዮስ ቄሳር ለጥሎሽ አንድ ሚሊዮን ሴስተርስ (የሮም ገንዘብ) ሰጣት።

30 ዓመቱ ሲያልቅ መውጣትና ማግባት ይፈቀዳል። የጥንቱ ጸሐፊ ፕሉታርክ እንደሚለው ግን የወጡት ጥቂት ናቸው፤ እነሱም ደስታ ስላላገኙ ሌሎቹ እስከ ሞት መቆየትን መረጡ። ኦኪያን ያየ ይህን ያምናል።


ዜና_መዋዕል፦

የአራዳ ልጅ፣ አንተ ወዳነሣኸው ልምጣ። መሸፋፈን አልፈልግም፤ ፕሉታርክ የጻፈውን ልንገርህ። የተፈረደባትን ደንግል በተሸፈነ ቃሬዛ ያስገቧታል፤ ድምፅዋ እንዳይሰማ መሸፈኛውን በገመድ ያስሩታል። በፎረሙ መካከል ያሳልፏታል፤ ሕዝቡ ቃል ሳይናገር ይከተላል። ለከተማዋ ከዚያ የከፋ ቀን አልነበረም ይላል። በኮሊና በር አጠገብ፣ የእርግማን ሜዳ በተባለው ቦታ፣ ከመሬት በታች ትንሽ ክፍል ተዘጋጅቷል። አልጋ፣ የበራ መብራት፣ ጥቂት ዳቦ፣ ውኃ፣ ወተትና ዘይት አለበት። ለአምላክ የተቀደሰችን ሰው በረሃብ ገደልን እንዳይባሉ ነው! በመሰላል ትወርዳለች፣ መሰላሉ ይነሣል፣ አፈር ይመለሳል።

ታላቂቱን ደንግል ኮርኔሊያን በድምጥያኖስ ቄሳር ዘመን የቀበሯት ሳትጠራና ሳትሰማ ነው። ትንሹ ፕሊኒ በደብዳቤው ጽፎታል። "ቄሳር እኔን ረከሰች ይላል? መሥዋዕቱን እኔ እያሳረግሁ አይደለም እንዴ ድል ያደረገው?" እያለች ወረደች። ስትወርድ ልብሷ ተያዘባት፣ ዞራ ሰበሰበችው። ገዳዩ እጁን ሲዘረጋላት ንጹሕ አካሏን እንዳይነካት ሸሸችው።

ስለዚህ ባነሣኸው ጭካኔ አልከራከርህም። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ ጭካኔውና ክብሩ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። የከተማዋ ደኅንነት በሙሉ በስድስት ሴቶች ሥራ ላይ ተንጠልጥሏል ብሎ ያመነ ሕዝብ፣ ደኅንነቱ ሲናወጥ ጣቱን የሚቀስረው ወደ እነሱ ነው። ሰላም ሲሆን ደግሞ የመንግሥቱ ከፍተኛ ሹም፣ ቆንስሉ፣ መንገድ ይለቅላታል። ወደ ሞት የሚነዳ ወንጀለኛ በአጋጣሚ መንገድ ላይ ካገኛት ይድናል። ያለ ሞግዚት ትናዘዛለች፣ ሌላ ሮማዊት ሴት በዚያ ዘመን ያልቻለችውን። በ143 ዓ.ዓ. አፒዩስ ክላውዲዩስ ያለ ፈቃድ የድል ሰልፍ ሲያደርግ አንድ ሹም ከሠረገላው ጎትቶ ሊያወርደው ሞከረ፤ ደንግል የነበረችው ልጁ ክላውዲያ ሠረገላው ላይ ወጥታ አባቷን አቀፈችው፣ ሹሙም ሊነካት ስላልቻለ ሰልፉ አለፈ። ወጣቱ ዩልዮስ ቄሳር ከአምባገነኑ ከሱላ ሰይፍ ከተረፈባቸው ምክንያቶች አንዱ የእነዚሁ ደናግል ልመና ነው። ማርክ አንቶኒ በእነሱ ዘንድ ያስቀመጠውን ኑዛዜ ባላንጣው ኦክታቪያን (የኋላው አውግስጦስ) ሲጠይቃቸው አንሰጥም፣ ከፈለግህ መጥተህ ውሰድ አሉት፤ እሱም መጥቶ ወሰደው።


ቀለም_ቆጣሪ፦

ስለ መጨረሻው ዘመን ማንም አልጻፈም፤ እኔ ልጻፍ፤ ከታሪካችን ጋር የሚገናኝበት ቦታም ስላለ ነው።

ክርስትና ወደ ቤተ መንግሥቱ ከገባ በኋላም የቬስታ እሳት ለብዙ ዓመታት ነዷል። ዳግማዊ ቆንስጣንጢዮስን እኛ እናውቀዋለን፦ በ356 አካባቢ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ አባ ሰላማን፣ ፍሬምናጦስን፣ እንዲልኩለት የጠየቀው ንጉሠ ነገሥት ነው። በአትናቴዎስ ላይ ስለነበረው ጠብ ነው ይህን ያደረገው። ይኸው ሰው በ357 ሮምን ሲጎበኝ የድል አምላክን መሠዊያ ከሴኔቱ አዳራሽ አስወጣ፤ የቬስታ ደናግልን መብት ግን አልነካም። ይህን የምናውቀው አረማዊው የሮም ገዥ ሲማኩስ በ384 በጻፈው አቤቱታ ነው፤ ያ ክርስቲያን ንጉሥ ያልነካውን እናንተ ለምን ነካችሁ ብሎ ይጠቅሰዋል። አባ ሰላማ አክሱም ላይ ሲያስተምር በሮም ፎረም ደናግሉ እሳታቸውን ይጠብቁ ነበር፤ ሁለቱ አንድ ዘመን ናቸው።

የነካው ግራቲያን ነው። በ382 ለደናግሉ ከመንግሥት የሚሰጠውን ገንዘብ አቋረጠ፣ ልዩ መብታቸውንም አነሣ። ሲማኩስ በአቤቱታው፣ ወደዚያ ታላቅ ምሥጢር በአንድ መንገድ ብቻ መድረስ አይቻልም ሲል ተማጸነ። የሚላኑ ጳጳስ ቅዱስ አምብሮስዮስ መለሰለት፦ ያን ሁሉ ክብርና ገንዘብ እየሰጣችኋቸው ያገኛችሁት ሰባት ደናግልን ነው፤ የእኛዎቹ ያለ ምንም ክፍያ በብዙ ቁጥር በድንግልና ይኖራሉ አለው። እኔ እምነቴ ከአምብሮስዮስ ጋር ነው። የሲማኩስን ደብዳቤ ሳነብ ግን የአባቶቹ ነገር ሲፈርስ የሚያይ ሰው ሐዘን ይሰማኛል፤ ይህን መካድ አልችልም።

ቴዎዶስዮስ በ391 መሥዋዕትን በሕግ ከለከለ። እሳቱ የጠፋበት ዓመት ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው 394 ነው። በስም የምትታወቀው የመጨረሻዋ ታላቂቱ ደንግል ኮይሊያ ኮንኮርዲያ ናት።

ከሮም_ተርሚኒ፣ እዚያ ከሄድክ አንድ የሐውልት መቀመጫ ድንጋይ ፈልግ። በ364 ለአንዲት ታላቂቱ ደንግል ስለ ንጽሕናዋና ስለ እውቀቷ የቆመ ነው፤ ስሟ ግን ተፍቆ የመጀመሪያው ፊደል ብቻ ቀርቷል። ክርስቲያን ስለሆነች ጓደኞቿ ፋቁት የሚሉ አሉ።


ከሮም_ተርሚኒ፦

አውቀዋለሁ፣ ግቢው ውስጥ ነው። ከሌሎቹ ድንጋዮች የሚለየው ጽሑፉ ሳይነካ የስሙ ቦታ ብቻ በመሮ መፋቁ ነው። ውዳሴዋን ትተው ስሟን ብቻ ነው ያጠፉት።


ጠያቂ_ነኝ፦

ቀለም_ቆጣሪ፣ የኢዛናን ዘመን እንዲህ ከሮም ጋር አያይዤ አስቤው አላውቅም ነበር። ከእሳቱ በኋላ ደናግሉ ምን ሆኑ?


ቀለም_ቆጣሪ፦

ዞሲሞስ የሚባለው ታሪክ ጸሐፊ አንድ ታሪክ ይነግረናል፤ አረማዊ ስለሆነ በዚያ ዓይን አንብበው። የጦር አዛዡ የስቲሊኮ ሚስት ሴሬና "ታላቂቱ እናት" ወደምትባለው አምላክ መቅደስ ገብታ ከምስሏ አንገት ላይ ሐብሉን አውልቃ አጠለቀችው። ከደናግሉ የተረፈች አንዲት አሮጊት ፊት ለፊት ወቀሰቻት። ሴሬና አሽከሮቿን አዝዛ አስወጣቻት፤ አሮጊቷም እየወረደች ረገመቻት። በ408 ሴሬና በሴኔቱ ትእዛዝ ታንቃ ሞተች፤ ዞሲሞስ ገመዱ ሐብሉ ባረፈበት አንገት ላይ ገባ ይላል።


የአራዳ_ልጅ፦

ሁሉንም አንብቤዋለሁ፣ ብዙ ተምሬያለሁ። ዜና_መዋዕል "ክብሩና ጭካኔው ከአንድ ሥር ነው" ያልከውን እቀበላለሁ። ግን ስለ ፍርዱ ልጠይቅ። የሚፈርደው ማን ነው? የሚከሳቸው፣ የሚዳኛቸው፣ የሚቀብራቸው ያው አንድ የካህናት ጉባኤ ከሆነ ይህ ፍርድ ሊባል ይችላል?


ዜና_መዋዕል፦

የዚህ መልስ ያንተን ሐሳብ ያጠናክራል፤ ለሐቅ ስል እጽፈዋለሁ። ዳኛው የካህናቱ ጉባኤ ነው፣ ሊቀ ካህናቱ ይመራዋል። በ114 ዓ.ዓ. ሄልቪያ የምትባል የባለ ማዕረግ ሰው ልጅ በፈረስ ስትሄድ በመብረቅ ተመታ ሞተች። አስማተኞቹ ይህ የደናግልን ውርደት ያሳያል አሉ። ኤሚሊያ፣ ሊኪኒያና ማርኪያ ተከሰሱ። ጉባኤው ኤሚሊያን ፈረደባት፣ ሁለቱን ነጻ ለቀቀ። እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ቢያንስ ማስረጃ ተመዘነ ማለት እንችል ነበር። ሕዝቡ ግን አልረካም። በ113 ዓ.ዓ. ልዩ ፍርድ ቤት እንዲቋቋም ተደረገና በጭካኔው የታወቀው ሉሲዩስ ካሲዩስ ሎንጊኑስ ራቪላ ተሾመ። ሊኪኒያን በዘመኑ ስመ ጥር ሊሆን የተቃረበው ወጣት ተናጋሪ ሉሲዩስ ክራሱስ ተከራክሮላታል። አልጠቀማትም። አንድ ጊዜ ንጹሕ ናችሁ የተባሉት ሁለቱም ሞት ተፈረደባቸው። በዚያው ሰሞን፣ ልክ እንደ ካናይ ጊዜ፣ ሁለት ግሪኮችና ሁለት ጋሎች ከነሕይወታቸው ተቀበሩ። ከተማው ፈርቶ ነበር፤ ያን ሰሞን ከሰሜን በኩል የጦርነት ወሬ ይመጣ ነበር።


የአራዳ_ልጅ፦

እንግዲህ በዚህ ተስማማን። "ማን ተጠቀመ?" ብሎ የመጠየቅ ልማድ ከዚሁ ካሲዩስ የመጣ መሆኑን ደግሞ ዝነኛው ተናጋሪ ኪኬሮ ጽፎታል፤ ያ ጥያቄ ለሊኪኒያና ለማርኪያ ቢጠየቅላቸው ኖሮ ምን እንደሚወጣ ማየት እፈልጋለሁ። ስለ እሱ ፍርድ ቤት ሌላ ክር እከፍታለሁ፤ ቀለም_ቆጣሪ፣ አንተም ግባበት።